መስኮት ከፍተን ያስገባነው እርጥበት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የመጀመሪያ ቤታችንን የገዛነው እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደይ ወራት ነበር። በ1950ዎቹ የተሠራ፣ ውጭው ጡብ፣ የቤዝመንቱ (ከመሬት በታች ያለው ክፍል) ግድግዳ ብሎኬት የሆነ አነስተኛ ቤት ነው። በሁለት ሰመር ውስጥ ያ ቤዝመንት ልጃችንን አሳመመብን፣ ከአገር ቤት ያመጣናቸውን የማይተኩ ዕቃዎች አበላሸብን፣ ያጠራቀምነውንም ገንዘብ አስጨረሰን። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በዲሲ ቤዝመንት ያለው ቤት የገዛችሁ፣ አልያም ቤዝመንት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ወገኖች እኛ የከፈልነውን እንዳትከፍሉ በማሰብ ያለፍንበትን ልንገራችሁ።

‹ሰመር› የምለው ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ነው። ክረምት እንዳልለው፣ እዚህ ክረምት ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው በረዶው ነው። በጋ እንዳልለው ደግሞ፣ በጋ ለእኛ ደረቅ ወቅት ነው፤ የሜሪላንድ ሰመር ግን ልብስ ገላ ላይ የሚያጣብቅ ወበቅ ነው። የስህተታችን ሥር እዚህ ላይ ነበር፤ ሙቀት ካለ ሁሉም ነገር ይደርቃል ብለን እናምን ነበር።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለ ልብስ ይሸታል፣ የቆዳ ጫማ ይሻግታል። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር እናቴ መስኮቶቹን ሁሉ ወለል አድርጋ ትከፍትና ፍራሹንና ብርድ ልብሱን ግቢ ታሰጣ ነበር። ቤት መናፈስ አለበት የሚለው ነገር በእኔ ዘንድ ጥያቄ የማይነሳበት እውነት ነበር፤ ስለዚህም የአዲሱ ቤታችን ቤዝመንት ገና በሰኔ ወር እንደ አሮጌ ጋዜጣ መሽተት ሲጀምር ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ትንንሾቹን የቤዝመንት መስኮቶች ጠዋት ከፍቼ ወደ ሥራ መሄድ ነበር። ማታ ስመለስ ሽታው ብሶ ይጠብቀኛል፤ እኔም በቂ ስላልናፈሰ ነው ብዬ በማግስቱ ደጁንም ጭምር እከፍታለሁ።

ያ ዓመት ደግሞ እንዲሁ ዓመት አልነበረም። በዋሽንግተን የዝናብ መጠን መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ ከፍተኛው የወረደው በ2018 ሲሆን፣ ከ66 ኢንች ማለትም ከ1,680 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። ስለዚህ ሽታውን በዝናቡ አመካኘነው፤ ዓመቱ ሲያልፍ ያልፋል አልን። እስከዚያው ድረስ ዕጣን አጨስን፣ ቅዳሜና እሑድ ቡናውን እዚያው ቤዝመንት ውስጥ አፈላን። እንግዳ ሲመጣ ቤቱ ጥሩ ይሸት ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው፣ ጭሱ ለብዙ ወራት ችግሩን ከራሳችን ደበቀልን። እባካችሁ፣ ቤታችሁ የእርጥበት ሽታ ካመጣ በዕጣንም ሆነ በሽቶ አትሸፍኑት፤ ሽታው ቤቱ የሚሰጣችሁ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። እንደ ብዙዎቻችን ቤት ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን የተቀመጠው ቤዝመንት ውስጥ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ለእኛና ለእህቴ ቤተሰብ የሚበቃ ከ30 በላይ እንጀራ እጋግር ነበር። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት የት ይሄዳል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ዛሬ ሳስታውሰው፣ ከምጣዱ በላይ በጣሪያው ሥር የሚያልፈው የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ሁልጊዜ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ እኔም ሥሩ ሳፋ አስቀምጬ ጋገራዬን እቀጥል ነበር።

በመስከረም ወር በአንደኛው ጥግ ግድግዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ። ባለቤቴ በበረኪና አጠበው፤ ከደረቀ በኋላ ውሃ አያስገባም የተባለ ቀለም ገዝቶ ሁለት እጅ ቀባው። ሥራው ሲያልቅ ግድግዳው አምሮ ስለነበር ሁለታችንም እፎይ አልን፤ ምንጣፍ አንጥፈንበት ለልጃችን የመጫወቻ ክፍል አደረግነው። በሚቀጥለው ጸደይ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተላልጦ ተነሳ፤ ከሥሩም ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ይረግፍ ጀመር። ያ ጨው ውሃ ብሎኬቱን ሰንጥቆ እያለፈ ሲተን ትቶት የሚሄደው ማዕድን መሆኑን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው። ቀለም ከውስጥ በኩል ውሃን አያቆምም፤ ሻጋታንም አይገድልም፤ ለጥቂት ወራት ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ።

ከሁሉም የከፋውን ስህተት የሠራነው በ2019 ነው። ሐምሌ ውስጥ ለአምስት ሳምንት አዲስ አበባ ሄድን። ሰው በሌለበት ቤት መብራት ለምን ይቆጥራል ብለን ኤሲውን አጠፋን፣ መስኮቱን ሁሉ ዘጋን፣ ቁልፉን ይዘን ሄድን። አብዛኞቻችን አገር ቤት የምንሄደው ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት በዚሁ ወቅት ስለሆነ፣ ይህን ስህተት የሚሠራው የእኛ ቤተሰብ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በነሐሴ አጋማሽ ሌሊት ተመልሰን በሩን ስንከፍት የገጠመን አየር ሞቃትና ከባድ ነበር። የሳሎኑ የእንጨት ወለል ጣውላዎቹ ጠርዝ ጠርዛቸው ተነስቶ ከእግር በታች ይሻክራል፤ የመኝታ ቤቱ በር አብጦ ከመቃኑ አልወጣ አለ። ቤዝመንት ወርጄ መብራቱን ሳበራ ምንጣፉ ላይ ግራጫ አቧራ የተነሰነሰ መሰለኝ፤ ጎንበስ ብዬ በጣቴ ስነካው ፀጉር እንዳለው ለስላሳ ነገር ነበር። እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝ ጋቢ ያለበትን ሻንጣ ከፈትኩ። ከላይ ያለው እጥፋት ነጭ ነው፤ ገለጥ ሳደርገው ግን እጥፋቱ በነካካበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴና ጥቁር ነጠብጣብ ተሰልፏል፤ ጥለቱም ቀለሙን ለቆ ነጩ ላይ ሄዷል። ግድግዳው ላይ ተደግፎ የነበረው የአክርማ መሶብ ጀርባው በሙሉ ሻግቷል። በጨርቅ ከረጢት ያስቀመጥኩት የዓመት በርበሬ እንደ ጭቃ ተጓጉሏል። ያን ሌሊት ከጉዞ ድካም ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ልጃችን ያን ጊዜ 6 ዓመቱ ነበር። አዲስ አበባ በነበርንባቸው ሳምንታት አንድም ቀን አላሳለም፤ በተመለስን በአራተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል አደረ። ሐኪሟ ደረቱን ካዳመጠች በኋላ ስለ መድኃኒት ከማውራቷ በፊት ‹‹ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው የት ነው?›› ብላ ጠየቀችን። ቤዝመንት ስንላት ብዕሯን አስቀምጣ አየችን። ሻጋታ አስም ያለበትን ወይም አለርጂ የሚነካውን ሰው እንደሚቀሰቅስ ነገረችን፤ ክፍሉም እስኪስተካከል ድረስ ልጁ እንዳይወርድ አዘዘች። እስከዚያ ቀን ድረስ ጉዳዩን የቤት ጉዳይ አድርገን ነበር የያዝነው።

በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ባለሙያ መቅጠር ሌላ ጥፋት ያመጣል። ሰዎች የጠቆሙንን አንድ ሠራተኛ ፈቃዱን ሳንጠይቅ ግማሽ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ሰጠነው፤ የጂፕሰሙን ግድግዳ በከፊል አፍርሶ አቧራውን በቤቱ ሁሉ ከበተነ በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ። በሜሪላንድ የቤት እድሳት የሚሠራ ማንኛውም ኮንትራክተር ከግዛቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ፣ በቅድሚያም ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ መቀበል በሕግ እንደማይፈቀድለት ያን ጊዜ ብናውቅ ኖሮ ይህ አይደርስብንም ነበር። የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁ፣ ትክክለኛነቱንም ኮሚሽኑ ዘንድ አረጋግጡ፤ የሚከፋው ሰው ካለ ሥራውን አትስጡት። ሁለተኛው የጠራነው ድርጅት ደግሞ ፈቃድ ያለው ቢሆንም፣ ለሃያ ደቂቃ ከተመለከተ በኋላ የቤዝመንቱን ወለል ዙሪያውን ቆፍሮ የውሃ መውረጃና ፓምፕ ለመግጠም 14,000 ዶላር ጠየቀን። ልንፈርም ተቃርበን ነበር።

ያዳኑን በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው፣ በግንባታ ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ አንድ ጋሼ ናቸው። ቤዝመንቱን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ ‹‹ልጄ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቂ አንድ ብር አታውጪ›› አሉኝና ከወጥ ቤት የአልሙኒየም ፎይል እንዳመጣ ላኩኝ። ክንድ በክንድ በሚሆን ልክ አራት ቁራጭ ቆረጡ፤ የየግድግዳውን ቦታ በጨርቅ አድርቀው አንዳንድ ፎይል ለጠፉበት፤ ጠርዙንም አየር እንዳያስገባ ዙሪያውን በፕላስተር አሸጉት። ለሁለት ቀን እንዳንነካው ነገሩን። በሁለተኛው ቀን ማታ አብረን ወረድን። ሦስቱ ፎይሎች ወደ ክፍሉ ባለው ፊታቸው ላይ ላብ አውጥተው ነበር፤ ስንገነጥላቸው ከጀርባ ያለው ግድግዳ ደረቅ ነው። በአራተኛው ፊቱ ደረቅ ሆኖ ጀርባው ውሃ ተንጠባጠበ።

ጋሼ ትርጉሙን በዝግታ አስረዱን። ፎይሉ ከፊት ከረጠበ ውሃው የመጣው ከክፍሉ አየር ነው፤ ከጀርባ ከረጠበ ግን ከውጭ በግድግዳው አልፎ የገባ ነው። ከአራቱ ግድግዳዎቻችን ሦስቱን ያረጠብናቸው እኛው ራሳችን ነበርን፤ በመስኮት ባስገባነው አየርና በምጣዱ እንፋሎት።

ነገሩን ለማሰብ ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስን አስቡ። ጠርሙሱ አያፈስም፤ ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ ትንሽ እንደቆየ ውጭው ውሃ በውሃ ይሆናል። ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ይይዛል፤ ከቀዝቃዛ ነገር ጋር ሲገናኝ ይቀዘቅዝና የያዘውን ውሃ ይጥላል። 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 70 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ገና ወደ 24 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ውሃ መጣል ይጀምራል፤ እንዲህ ያለ ቀን እዚህ በሐምሌ የተለመደ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረው የቤዝመንታችን ግድግዳ ግን በሰመርም ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። መስኮቱን ስከፍት ያስገባሁት አየር የሚያደርቅ ሳይሆን ውሃውን ግድግዳው ላይ አራግፎ የሚሄድ ነበር። እናቴ ግን አልተሳሳተችም። የአዲስ አበባ የክረምት አየር ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ሞቅ ወዳለው ክፍል ሲገባ ይሞቅና ተጨማሪ እርጥበት የመሸከም አቅም ያገኛል፤ የቤቱንም እርጥበት ይዞ ይወጣል። በጉለሌ የሚያደርቀው ልማድ በሲልቨር ስፕሪንግ ያረጥባል።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር አብዛኛው ርካሽ ነበር። ውሃ በሚያስገባው ጥግ በኩል ወጥተን ስናይ፣ የጣሪያው አሸንዳ በቅጠል ተደፍኖ ዝናቡ ከጠርዙ ሞልቶ ይፈስሳል፤ የአሸንዳው መውረጃ ቱቦም ውሃውን ከግድግዳው ሥር ይደፋዋል፤ አፈሩ ደግሞ ወደ ቤቱ ያዘነብላል። አሸንዳውን ጠረግን፣ የመውረጃውን ጫፍ ከግድግዳው 2 ሜትር ያህል የሚያርቅ ቱቦ ቀጠልን፣ አፈር አምጥተን መሬቱ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አደረግን። ወጪው 300 ዶላር አልሞላም። ከዚያ ወዲህ ያ ጥግ አልረጠበም፤ 14,000 ዶላሩም አልወጣም። የከርሰ ምድር ውሃ ከወለሉ የሚገፋበት ቤት ፓምፕ ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን አሸንዳችሁንና የአፈራችሁን ዝንባሌ ሳታዩ ማንም ወለላችሁን እንዲቆፍር አትፍቀዱ።

ከውስጥ በኩል መጀመሪያ የገዛነው የእርጥበት መለኪያ ነው፤ ዋጋው 12 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ቀን 78 በመቶ አሳየን። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲያዝ ይመክራል። ያለ መለኪያ ሰው በስሜቱ ሊያውቀው አይችልም፤ ቀዝቃዛ ክፍል ደረቅ ስለሚመስል ቤዝመንት በተለይ ያታልላል። ቀጥሎ በቀን 50 ፓይንት፣ ማለትም ወደ 24 ሊትር ገደማ ውሃ ከአየር የሚመጥ ዲሂውሚዲፋየር ገዛን። በመጀመሪያው ቀን ባልዲው ሁለት ጊዜ ሞላ፤ ያን ውሃ ስንደፋ ልጃችን ሲተነፍሰው የኖረው አየር ይህ መሆኑን አስቤ ደነገጥኩ። ባልዲው ሲሞላ ማሽኑ ራሱን ስለሚያቆም፣ ጎማ ቀጥላችሁ ወደ ወለሉ ፍሳሽ መውረጃ እንዲፈስ አድርጉት፤ ባልዲ መድፋት ሁለት ቀን ከተረሳ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ማሽኑ ሲሠራ መስኮቶች መዘጋት አለባቸው።

ምጣዱን ወደ ላይኛው ወጥ ቤት አወጣሁት፤ ከምድጃው በላይ ያለው የአየር መሳቢያ እንፋሎቱን ወደ ውጭ ያወጣል። ‹ወደ ውጭ› የሚለውን ቃል ልብ በሉ። የመታጠቢያ ቤታችን ማራገቢያ ለዓመታት የሻወሩን እንፋሎት ጣሪያ ሥር ወዳለው ባዶ ቦታ ሲያራግፍ እንደኖረ ያገኘነው በዚያው ሰሞን ነው፤ ምስማሮቹ ዝገው፣ ጣውላው ጠቁሮ ነበር። የልብስ ማድረቂያችሁም፣ የመታጠቢያ ቤታችሁም፣ የወጥ ቤታችሁም ቱቦ ከቤቱ ቅጥር ውጭ መድረሱን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ስለ ኤሲ ሁለት ነገር ልናገር። ማራገቢያውን ‹ኦን› ላይ አድርገን አየር ሁልጊዜ እንዲዘዋወር እናደርግ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ሲያርፍ ግን ማራገቢያው በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ መልሶ ወደ ቤት ይነፋዋል። ማራገቢያው ከማቀዝቀዣው ጋር አብሮ እንዲያርፍ ‹ኦቶ› ላይ ካደረግነው ወዲህ የላይኛው ፎቅ እርጥበት በግልጽ ቀንሷል። ሁለተኛው፣ ኤሲው የሚያወጣው ውሃ የሚሄድበት ቀጭን ቱቦ በሰመር አተላ እየያዘ ይደፈናል፤ ውሃውም ሞልቶ ወለል ላይ ይፈስሳል። ሰመር ሲገባና ከዚያም በየወሩ አንድ ስኒ ነጭ አቼቶ እጨምርበታለሁ፤ ማጣሪያውንም ያን ጊዜ አየዋለሁ። አዲስ ኤሲ የምትገዙ ከሆነ ትልቁ ይሻላል የሚለውን አትቀበሉ፤ ከቤቱ የበለጠ ኤሲ ቶሎ አቀዝቅዞ ቶሎ ስለሚጠፋ እርጥበቱን ለመምጠጥ ጊዜ አያገኝም።

ስለ ፀሐዩ የምለው ጥቂት ነው፤ በምዕራብ በኩል ያሉትን መስኮቶች ከቀትር በኋላ በወፍራም መጋረጃ መዝጋትና ከኮርኒሱ በላይ ያለውን የሙቀት መከላከያ ሽፋን ማወፈር የኤሲውን ድካም ቀንሶልናል።

የተበላሸውን በተመለከተ፣ ሻጋታው ከ10 ስኩዌር ፊት ማለትም ከአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ገደማ ካልበለጠ በራስ ማጽዳት ይቻላል፤ ኤን95 ማስክ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ግን የግድ ነው። ብሎኬትን፣ ብረትንና ፕላስቲክን በውሃና በሳሙና ፈትጎ ማድረቅ ይበቃል። በረኪናን ከአሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ምንጣፉን፣ የሻገተውን ጂፕሰም፣ መሶቡንና በርበሬውን ጣልናቸው። ጋቢውን ደጋግሜ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ነጠብጣቡ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። ኢንሹራንሳችን ቀስ በቀስ የደረሰ ጉዳት ነው በማለት ምንም አልከፈለንም። ጎርፍም ቢሆን በተለመደው የቤት ኢንሹራንስ አይሸፈንም፤ በፌዴራሉ ፕሮግራም በኩል የሚገዛው የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ዝናቡ ሲተነበይ አይገዛም። ድንገት ውሃ ከገባባችሁ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሁሉንም ነገር አድርቁ፤ ሻጋታው ከዚያ በላይ አይጠብቅም።

አሁን አገር ቤት ስንሄድ ኤሲውን አናጠፋም፤ 80 ዲግሪ ፋራናይት ላይ እናደርገዋለን። የሻንጣና የቁም ሳጥን በሮችን ከፈት አድርገን፣ ዕቃውን ከግድግዳ አርቀን፣ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘግተን እንወጣለን። ዲሂውሚዲፋየሩ በጎማው እያፈሰሰ ይሠራል። የአክስቴ ልጅ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ብላ የመለኪያውን ፎቶ ትልክልኛለች። ባለፈው ሐምሌ እናቴ ቤት ቁርስ ላይ ሳለን ፎቶው ገባ፤ 49 ይላል። እናቴ ስልኩን ተቀብላ ቁጥሩን አየችና ጋቢው የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ላይ ቤት፣ አልጋዬ ላይ ነው አልኳት።